የአንጎል ኬሚካሎች፣ ሆርሞኖችና ስሜታችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በማኅበራዊ ሚዲያ «የደስታ ሆርሞን»፣ «የፍቅር ሆርሞን»፣ «የጭንቀት ሆርሞን» እየተባለ ለእያንዳንዱ ኬሚካል አንድ አንድ ስሜት ተመድቦለታል። ለማስታወስ ያመቻል እንጂ አብዛኛው ስህተት ነው። ያው አንዱ ኬሚካል በየትኛው የአንጎል ክፍል፣ በስንት ሰዓትና በምን ዓይነት ሕዋስ ላይ እንዳረፈ እየታየ ሥራው ይለያያል። ከታች ያሉት መልሶች የሐኪም ምርመራን አይተኩም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆርሞንና የአንጎል ኬሚካል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የሚለያዩት በሚሄዱበት መንገድ ነው። የነርቭ ኬሚካል ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ጫፍ ተነሥቶ አጠገቡ ወዳለው ይሻገራል። ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጉዞው የሰከንድ ሺኛ እንኳ አይፈጅም። ሆርሞን ደግሞ ከዕጢ ወጥቶ በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ይዞራል፤ ውጤቱም ከደቂቃዎች እስከ ሳምንታት ይቆያል። ሁለቱንም የሚሠሩ አሉ። ኖርአድሬናሊን አንጎል ውስጥ መልእክት አመላላሽ ነው፣ ኩላሊት ላይ ከተቀመጠው አድሬናል ዕጢ ሲወጣ ደግሞ ሆርሞን ይሆናል።

ነርቮች በኬሚካል እንደሚነጋገሩ በሙከራ ያሳየው ኦቶ ሎዊ ነው፤ ዘመኑ 1921፣ አገሩ ኦስትሪያ። የአንዱን እንቁራሪት ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ነክቶ ምቱን አዘገየው። ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ እንቁራሪት ልብ ላይ ሲያደርገው እሱም ዘገየ። ሐሳቡ የመጣለት በሌሊት ከእንቅልፉ ሲነቃ ነበር፤ በጨለማ የጫረውን ማስታወሻ ግን ጠዋት ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስለት ወረቀት አልፈለገም፣ ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። በ1936 ኖቤል ተሸለመበት።

ዶፓሚን «የደስታ ሆርሞን» ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ዶፓሚን ይበልጥ የሚቀርበው ለመፈለግ፣ ለመጓጓትና ለመማር ነው።

ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው ተመራማሪ በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ ያየው ነገር ይህን ግልጽ አድርጎታል። ዝንጀሮው ሳይጠብቅ ጭማቂ ሲቀምስ የዶፓሚን ሕዋሳቱ ይንጫጫሉ። መብራት ሲበራ ጭማቂ እንደሚከተል ከለመደ በኋላ ግን ሕዋሳቱ የሚነቁት መብራቱ ሲበራ ነው፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። ስለዚህ ዶፓሚን የሚለካው የጣዕሙን መጠን ሳይሆን የጠበቅነውና ያገኘነው ምን ያህል እንደተለያዩ ነው።

የቤቲንግ ቤት ደንበኛ ይህን በሕይወቱ ያውቀዋል። አሥር ጨዋታ መድቦ ዘጠኙ የገባለት ወጣት «አንድ ጨዋታ ናት ያበላሸችብኝ» እያለ ትኬቱን ደጋግሞ ያያል። በሂሳብ ሲታይ ተሸንፏል። አንጎሉ ግን ለጥቂት ያመለጠን ድል ለእውነተኛ ድል በሚጠቀምበት መስመር ነው የሚያስተናግደው፤ ስለዚህም በነጋታው ይመለሳል።

ሌላው ማስረጃ ከፓርኪንሰን ሕመም ይመጣል። በዚህ ሕመም ዶፓሚን የሚያመርቱ ሕዋሳት ስለሚሞቱ ሰውየው እንቅስቃሴው ይተሳሰራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዶፓሚንን ተክተው እንዲሠሩ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ታዲያ በዕድሜያቸው ቁማር ነክተው የማያውቁ አዛውንቶችን ሳይቀር ቁማርተኛ ያደረጉበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቀየር ፍላጎቱም ይከስማል። እነዚህ ሰዎች ደስተኞች ነበሩ ያለ የለም፤ ማቆም ያቃታቸው ነበሩ። ቤተሰብ አፍሮ ዝም ከማለት ለሐኪሙ ቢነግር መፍትሔው ቀላል ሊሆን ይችላል።

ጫት ሲቃም ምርቃና የሚመጣው እንዴት ነው? ከዚያ በኋላስ ለምን ይደብራል?

ጫት ውስጥ ዋናው ነገር ካቲኖን ነው፤ በ1975 ተለይቶ የታወቀ፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ኬሚካል። ከነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ገፍቶ ያስወጣል። በብዛት የሚገኘው ለጋው ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ በቀናት ውስጥ ካቲን ወደተባለ ደካማ ዘመዱ ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሣ የጫት መኪና እንዲያ የሚከንፈው፣ እስሩም ጥላ ለጥላ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚያዘው ለዚሁ ነው። ነጋዴው የካቲኖንን ስም ሳይሰማ ጠባዩን ጠንቅቆ አውቋል።

ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። ከመቃሙ በፊት ሐራራው ያፋሽገዋል፣ ያነጫንጨዋል። ከተቀመጠ በኋላ ጨዋታው ይደምቃል፤ ሥራ ይከፈታል፣ ቤት ይሠራል፣ የአገር ችግር ሁሉ መፍትሔ ያገኛል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ምርቃናው ሲገባ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም በየራሱ ሐሳብ ይነጉዳል። ከነርቭ ጫፍ ተገፍቶ የወጣው ክምችት ሲመናመን ደግሞ ድብርቱ ይጀምራል። እንቅልፍ እምቢ ይላል።

እዚህ ላይ ጨብሲ ይመጣል። አልኮል ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ኬሚካል ሥራ ስለሚያጠናክር ምርቃናውን ይሰብረዋል። የሚሰጠው እንቅልፍ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ የሚባንኑ ብዙ ናቸው። ጠዋት ድካሙን ለመግፋት ኢጀበና፣ ማለትም የጠዋት ጫት፣ ይከተላል። ጫት ብቻውን ይዞት የነበረ ሰው በዚህ መንገድ ሁለት ሱስ ይዞ ይገኛል። እኔ በግሌ ከጫቱ ይልቅ ጨብሲው ያስፈራኛል።

ያቆሙ ሰዎች የሚናገሩት ዱካክ ቅዠት ነው፤ የሚጫን፣ የሚያስፈራራ፣ «ቃም» የሚል። አነቃቂ ነገሮች ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያፍናሉ፣ ሲቆሙም የታፈነው በብዛት ይመለሳል። ዱካክም ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ቀን እየቆጠረ የሚያልፍ ነገር ነውና ወደ ጫቱ የሚመልስ ምክንያት ሊሆን አይገባም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድምፅ የሚሰማው፣ ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል ወይም በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጫት ጨርሶ ባይነካ ይመረጣል።

ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል፣ እነጫነጫለሁም። ምን ሆኜ ነው?

አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ያደክመናል። ካፌይን ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። በየቀኑ ስንጠጣ አንጎል ተጨማሪ የአዴኖሲን ተቀባዮችን ያበጃል፤ ቡናው የቀረ ዕለት አዴኖሲኑ በእነሱ ላይ ይሰፍራል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይፈነክታል። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ቢበዛ በሳምንት ገደማ ይለቃል። ካፌይን በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላ ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ። 10 ሰዓት ላይ አቦል ቶና በረካ ያለ ሰው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹን አላወጣውም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል የሚል ሰው ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት ይህን ያስላ።

ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ነው?

ለብዙ ዓመታት እንዲህ ተብሎ ተነግሯል፣ በተለይ ፍሉኦክሰቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ። ታሪኩ የጀመረው ከቲቢ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ በሚገኝ የቲቢ ሆስፒታል ኢፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው ሕሙማን ሳንባቸው ሳይድን ገና መሳቅና መጨፈር ጀመሩ። መድኃኒቱ ዛሬም ለቲቢ ከሚሰጠው አይሶኒያዚድ ጋር ዝምድና ያለው ነው። ሲመረመር ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን እንዳይፈርሱ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። «እንግዲያው ድባቴ የእነዚህ ማነስ ነው» የሚለው መደምደሚያ ከዚያ ተወለደ።

ችግሩ ማስረጃው አለመከተሉ ነው። በ2022 የታተመ ሰፊ ግምገማ የዐሥርት ዓመታት ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል ለሚለው የማያወላውል ማስረጃ አላገኘም። ይህ ዜና ሲሰማ «መድኃኒቱም ውሸት ነው ማለት ነው» ብለው ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ፤ ይሄኛው ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ፓራሲታሞል ራስ ምታትን ስላስታገሠ ራስ ምታት የፓራሲታሞል እጥረት ነው አይባልም፤ መድኃኒቱ መሥራቱና የሕመሙ መነሻ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የድባቴ መድኃኒቶች ለብዙ ሰው፣ በተለይ ሕመሙ ለጠናበት ይጠቅማሉ። ለሁሉም ግን እኩል አይሠሩም።

መድኃኒቱ ሲጀመር ሴሮቶኒን በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ ስሜት ግን የሚለወጠው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። አንጎል በዚያ መሐል የሕዋሳቱን ግንኙነት እያስተካከለ እንደሆነ ይታሰባል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚሁ መሐል ነው፤ ማቅለሽለሹና እረፍት ማጣቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ከታማሚው ቀድሞ ለውጡን ያያል፦ ምግብ ይጨርሳል፣ ሌሊት ይተኛል፣ እሱ ግን «ምንም አልተሻለኝም» ይላል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ሰዎችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊብስ ስለሚችል።

ሱስ ያስይዛል ወይ? ጫት ወይም አልኮል እንደሚያስይዘው ያለ አምሮት የለውም። በድንገት ሲቋረጥ ግን ማዞር፣ መነጫነጭና ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ ነካኝ የሚያሰኝ ስሜት ያመጣል። ስለዚህ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ደግሞም ለድባቴ የግድ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች ባሉበት ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል።

የሴሮቶኒን ወይም የዶፓሚን መጠኔን ተመርምሬ ማወቅ እችላለሁ? ሙዝና ቸኮሌትስ ይጨምሩታል?

አይቻልም። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለው ወደ አንጎል አያልፍም፣ ከአንጎል ያለውንም አይናገርም። በሙዝ ውስጥ ያለውም እንደዚሁ በሩ ላይ ይቀራል። ቸኮሌት ስለሚጣፍጥ ያስደስታል፣ ያ ይበቃል። «የአንጎል ኬሚካል ምርመራ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ስሜት ሲዘባረቅ መታየት ያለባቸው የደም ማነስ፣ የስኳር መጠን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ከሁሉ በላይ ታይሮይድ ናቸው።

ታይሮይድ ጠባይ ይለውጣል? እኔ እንቅርት የለብኝም።

ይለውጣል፤ እንቅርት ባይታይም እንኳ። አንገት ላይ ያለው ይህ ዕጢ የመላ ሰውነትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ይበዛበታል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሳይበላ ይወፍራል፣ ይረሳል፣ ነገር ሁሉ ያስጠላዋል። ከድባቴ ለመለየት ባለሙያም ይቸግረዋል። ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል። «ጠባይዋ ተለወጠ፣ በትንሽ ትልቁ ትቆጣለች» የሚል ወሬ ከቤተሰብ ከተሰማ፣ አጠገቧ ያለ ሰው ዐረፍ ብላ ሳለች የእጇን የደም ምት አንድ ደቂቃ ይቁጠር። ከ100 በላይ ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋታል። ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው የደም ምርመራ ብዙውን ነገር ይናገራል።

ታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። በደጋው አፈሩ ታጥቦ አዮዲኑ ስለተወሰደ እንቅርት ለትውልድ አብሮን ኖሯል፤ በ2011 የወጣው ደንብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዷል። ክፍት ተቀምጦ ፀሐይና እርጥበት ያገኘው ጨው ግን አዮዲኑን ያጣል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጥ ላይም መጨረሻ አካባቢ መጨመር ይሻላል።

ሆርሞኑ አንሷቸው ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ሰዎች በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው በውኃ ይዋጡት። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንስ የጠዋቷ ስኒ ትንሽ ትጠብቅ። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥ ከቡና ጋር የሚያወራርዱት አይጠፉም።

ከወለድኩ በኋላ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ልጄን ስለማልወድ ነው?

አይደለም። በእርግዝና ወቅት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን እጅግ ከፍ ብለው ይቆያሉ፤ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ከፕሮጄስትሮን የሚገኝ አሎፕሬግናኖሎን የተባለ ነገር ጋባን እየረዳ አንጎልን ሲያረጋጋ ነበር፤ እሱም አብሮ ይወርዳል። በዚህ ላይ የእንቅልፍ እጦት አለ። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ማልቀስ፣ መነጫነጭና መባባት በጣም የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል።

ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ይታይ። ከውጭ ለማወቅ ይከብዳል። እንግዳ ገንፎ እየበላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲል አራሷ ፈገግ ትላለች፤ ማታ ልጁ ሲያንቀላፋ እሷ ጣራ ላይ አፍጥጣ ታድራለች። ልጁ ሲተኛ መተኛት አለመቻሏ ድባቴውን ከሚጠቁሙት ምልክቶች አንዱ ነው። «ደህና ነሽ ወይ» ከማለት «ልጁ ሲተኛ ትተኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሕክምናው ምክርና መድኃኒት ነው፤ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ። በአሜሪካ በዚሁ በአሎፕሬግናኖሎን መንገድ የሚሠራ፣ ለ14 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት በ2023 ተፈቅዷል። ታይሮይድም ከወሊድ በኋላ የሚታወክበት ጊዜ ስላለ አብሮ ይመርመር።

ከሺህ ወላዶች አንድ ወይም ሁለት የሚሆኑት ላይ የሚደርሰው የአእምሮ መታወክ ደግሞ ድንገተኛ ሕክምና የሚሻ ነው፤ የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። አራሷ ጨርሶ አትተኛም፣ ትጠራጠራለች፣ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ታወራለች። በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለባት። አራስ ብቻዋን አይተዋት የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ሕይወት ያድናል። እናትና ጎረቤት በሌለበት፣ በዲሲም ሆነ በቤሩት የሚወልዱ እህቶቻችን ይህን ጠባቂ ያጡታልና ስልክ ደውሎ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

የወር አበባዬ ሲቃረብ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ሆርሞኔ በዝቶ ነው?

ብዙ ጊዜ መጠኑ ከሌላው ሴት አይለይም። በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሆርሞኖቹ በመድኃኒት ሲታፈኑ ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው ክፉኛ የሚለወጥ ሴቶች ምልክት እንደጠፋ፣ ሆርሞኑ ሲመለስ እንደተመለሰ አሳይቷል፤ ችግሩ የሌለባቸው ሴቶች ግን በዚያው መጠን ምንም አልሆኑም። የሚለየው የአንጎል ምላሽ ነው። ለሁለት ወር ስሜታችሁን በቀን በቀን መዝግባችሁ ብትሄዱ ሐኪሙ ሥራው ይቀለዋል። ከብዶ ሥራና ትዳር የሚያውክ ከሆነ ሕክምና አለው።

ኦክሲቶሲን «የፍቅር ሆርሞን» ነው?

አዋላጅ ነርስ ብትጠይቁ ደም እንዳይፈስ ከወሊድ በኋላ ጭን ላይ የሚወጋ፣ ከፍሪጅ የሚወጣ መርፌ ነው ትላችኋለች። ማሕፀንን ያኮማትራል፣ የጡት ወተት እንዲወርድ ያደርጋል። በ2005 በአፍንጫ የተነፋ ኦክሲቶሲን መተማመንን ይጨምራል የሚል ጥናት ዓለምን አነጋግሮ ነበር፤ ሲደጋገም ግን ያው ውጤት አልተገኘም። ለራስ ወገን ማድላትን ሊያጠነክር እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ለጥንዶች ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ተዉት።

የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል መርዝ ነው?

ጠዋት ከአልጋ የሚያነሣችሁ እሱ ነው፤ ከነቃን በግማሽ ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት ዝቅ ይላል። የሚጎዳው ለወራት ሳይወርድ ሲቀር ነው። ስሜትን ክፉኛ ሲለውጥ የሚታየው ግን በመድኃኒት መልክ ሲገባ ነው። ፕረድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን በብዛት የሚወስድ ሰው እንቅልፍ ሊያጣ፣ ከልክ በላይ ሊፈነጥዝ፣ ሊቆጣ፣ አልፎ አልፎም አእምሮው ሊታወክ ይችላል። ለመወፈር ብሎ ዴክሳሜታዞን መዋጥ በዚህም በሌላም ምክንያት አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆምም የለበትም፤ የራሱ ዕጢ ሥራ ፈትቷልና።

ስጾም ለምን ቁጡ እሆናለሁ?

ግረሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ከፍ የሚለው በለመድነው የምግብ ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ሲያልፍ ሳይበሉም ይወርዳል። የጾም የመጀመሪያ ቀናት የሚከብዱት ሰዓቱ ገና ስላልተቀየረ ነው። ጠዋት የቀረው ቡናም ድርሻ አለው። የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ግን ድንገት ቢቆጣ፣ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢቃዥ ጠባይ አይደለም። ስኳሩ ወርዷል፤ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፣ ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ስዊድን ነው የምኖረው። ክረምት ሲገባ አልጋ ውስጥ መዋል እንጂ ሌላ አያምረኝም። አገር ቤት እንዲህ አልነበርኩም።

አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ስቶክሆልም ላይ የታኅሣሥ ቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሜላቶኒን የሚባለው የጨለማ ሆርሞን የሚቆመው ብርሃን ዓይን ሲነካ ስለሆነ፣ በጨለማ ሥራ ገብቶ በጨለማ የሚወጣ ሰው የሰውነቱ ሰዓት ይዛባል። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 ይህን የክረምት ድባቴ ብለው ገልጸውታል፤ ብዙ መተኛት፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ ሰው መሸሽ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ስንፍና አድርጎ ራስን መውቀስ አያስፈልግም።

ለዚሁ የሚሸጥ 10,000 ሉክስ የሚያበራ መብራት አለ። ጠዋት እንደነቃችሁ ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ ቁርስ ብሉ፤ በቀጥታ ማፍጠጥ አያስፈልግም። ማታ ከበራ እንቅልፍ ያርቃል። ጥቁር ቆዳ በዚያ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ማምረት ስለሚከብደው እሱንም አስመርምሩ። ከዚህ በፊት ያለ ልክ የመፈንጠዝና ሳይተኙ የመዋል ጊዜ አጋጥሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ መብራቱ ያንን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።